ቤንዚን የማይነካው ቫልቭ

ከአዋሽ ተነሥቶ አሰቦትን ያለፈ መኪና ሚኤሶ ሲደርስ በቆላው ሙቀት ግሏል፤ ከፊቱ ደግሞ ወደ ጭሮ፣ የብዙ ሰው አፍ ዛሬም አሰበ ተፈሪ ወደሚላት ከተማ፣ የሚያወጣው ዳገት ይጠብቀዋል። ስለ ሞተር ጤና ማውራት እዚህ መንገድ ላይ የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም። የዛሬው ጉዳይ ቤንዚንን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ በሚረጩ መኪኖች የመግቢያ ቫልቭ ላይ የሚጋገረው ጥቀርሻ ነው፤ በምን ይጸዳል? በምንስ አይጸዳም? ክርክሩን ለሁለት ሰዎች አከፋፍዬዋለሁ። አንዱ ሾፌር ነው፣ ሌላው በዕድሜ የሚበልጠው መካኒክ፤ ሁለቱም ለክርክሩ የተፈጠሩ ናቸው። የእኔ ሐሳብ በአብዛኛው የሚነገረው በመካኒኩ አፍ ነው። ሾፌሩ ግን በቀላሉ የሚረታ ሰው እንዲሆን አልፈለግሁም።

ሾፌሩ፦ ጋሼ፣ ከምልክቱ ልጀምር። መኪናው ጠዋት ሲነሣ ይንቀጠቀጣል፣ ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ስካነር ሲሰካበት ፒ0300 የሚል ኮድ ያወጣል፤ ሚስ ያደርጋል ማለት ነው፣ የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ግን አይለይም። ሲሞቅ ደግሞ ምንም እንዳልነበረበት ይረጋጋል። ሰው ሁሉ የሚመክረው አንድ ነው፤ ታንኩ ውስጥ ማጽጃ ጨምርበት፣ ከዚያ ማርሽ ቀንሰህ የጭሮን ዳገት እያስጮህክ ውጣው፣ ያራግፈዋል ይላሉ። ይህ ምክር ለድሮዎቹ መኪኖች ከሠራ ለዚህኛው የማይሠራበት ምክንያት ምንድን ነው?

መካኒኩ፦ ምክሩ ውሸት አይደለም፤ የተነገረው ግን ለሌላ ሞተር ነው። መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፤ ቤንዚኑ በየት በኩል ነው የሚገባው? በካርቡራቶር ዘመንም ሆነ በኋላ ማኒፎልድ ላይ በሚረጨው ኢንጄክሽን ቤንዚኑ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ የመግቢያውን ቫልቭ ጀርባ እያጠበ ነው ወደ ሲሊንደር የሚወርደው። ቪትዙ፣ አሮጌው ኮሮላ፣ ሱዙኪ ዲዛየሩ እንዲህ ነው የሚሠሩት። ሚትሱቢሺ እ.ኤ.አ. በ1996 ጂዲአይ ያለውን ሞተር ጋላንት ላይ ካወጣ ወዲህ ግን ኖዝሉ ከቫልቩ ወዲያ ተሻግሮ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚረጭበት አሠራር ተስፋፋ። ጂዲአይ የተጻፈባቸው የሂዩንዳይና የኪያ ሞተሮች፣ ቲኤስአይ የሚባሉት ቮልስዋገኖች የዚሁ ወገን ናቸው። ማኒፎልድ ላይ የሚረጨው ከ3 እስከ 4 ባር በሚሆን ግፊት ሲሠራ፣ እነዚህ ከ50 እስከ 200 ባር፣ አዳዲሶቹም እስከ 350 ባር ይሄዳሉ። ጥቅሙ የታወቀ ነው፤ ሲሊንደር ውስጥ የሚተነው ቤንዚን አየሩን ያቀዘቅዛል፣ መጭመቂያውን ከፍ ማድረግ ይቻላል፣ በአንድ ሊትር የሚኬደው ርቀት ይጨምራል። በቫልቩ ጀርባ የሚያልፈው ግን አየር ብቻ ሆነ። ታንክ ውስጥ የጨመርከው ማጽጃ ኖዝሉን ያጸዳ ይሆናል፣ ለዚያ ሥራ አልንቀውም። ቫልቩን ግን አያገኘውም፤ መንገዱ በዚያ አይደለም።

ሾፌሩ፦ አየር ብቻ ከሆነ ታዲያ ጥቀርሻው ከየት መጣ? ፊልትሮውም ደኅና ነው እንበል።

መካኒኩ፦ አየር ብቻ አልኩ እንጂ ንጹሕ አየር አላልኩም። የፒስተን ፋሻ ምን ቢጠብቅ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ቤንዚኑ በተቃጠለ ቁጥር ትንሽ ጋዝ ሾልኮ ወደ ዘይቱ ቋት ይወርዳል። ድሮ ይህ ጋዝ በቱቦ ወደ ውጭ ይለቀቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ፣ በካሊፎርኒያ ተጀምሮ፣ ተመልሶ በሞተሩ ተስቦ እንዲቃጠል ተደረገ። ለሰው ሳንባ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፣ ማንም ይሻር አይልም። ጋዙ ግን የዘይት ጉም ይዞ ነው የሚመለሰው። በቫልቩ ዘንግ ዙሪያ ካለችው የዘይት መከልከያ ጎማም ትንሽ ትንሽ ይወርዳል። የመግቢያውና የመውጫው ቫልቭ ለአፍታ አብረው ሲከፈቱ ደግሞ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ጭስ መልሶ የሚያስገባ ኢጂአር ካለውም ጥላሸት ይታከልበታል። ቫልቩ ይህን ሁሉ በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ እየጠበሰ ያደርቀዋል። በጎመን ዘር ላይ ጎመን ዘር እየተደፋበት በማሰሻ ግን የማይወለወል ምጣድ አስብ፤ ቤንዚኑ ማሰሻው ነበር። እዚህ ቆላ ላይ ደግሞ ኬላ ወይም ጭነት እየተጠበቀ፣ ኤሲ ተከፍቶ፣ መኪና ቆሞ ረጅም ሰዓት ይሠራል። በሚኒሞ ጊዜ ማኒፎልዱ ውስጥ ያለው የመሳብ ኃይል ስለሚበረታ በየስንጥቁ ያለውን ዘይት ይጎትታል። አቧራውም በላላ ፊልትሮ ካለፈ ዘይት የነካው ቫልቭ ላይ ነው የሚለጠፈው።

ሾፌሩ፦ ሰዎች ግን በጀሪካንና በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ነው የሚወቅሱት።

መካኒኩ፦ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ይወቀስ፣ ይገባዋል፤ ኖዝሉንና ካንዴላውን ያበላሻል። ቫልቩን ግን ጥሩው ቤንዚን ካላጸዳው መጥፎውም አላቆሸሸውም፤ ሁለቱም አይነኩትማ።

ሾፌሩ፦ እሺ፣ ዳገቱስ? ሞተር ሲግል ጥቀርሻ ይቃጠላል የሚባለው ከሜዳ የመጣ ነገር አይመስለኝም። ካንዴላ ከረጅም ዳገት በኋላ ሲወጣ ነጣ ብሎ ይታያል።

መካኒኩ፦ ካንዴላው ያለበትንና ቫልቩ ያለበትን ቦታ ለይ። ካንዴላው እሳቱ መሀል ነው፤ የመውጫው ቫልቭም የተቃጠለ ጋዝ ይገርፈዋል። የደረቀ ካርቦን ተቃጥሎ እንዲጠፋ ወደ 600 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል፤ እነሱ ይደርሱበታል፣ ስለዚህ ራሳቸውን ያጸዳሉ። የመግቢያው ቫልቭ ግን ጀርባውን ከውጭ የሚመጣ አየር ያለማቋረጥ ያቀዘቅዘዋል። ዘይት ለመጥበስ የሚበቃ፣ የተጠበሰውን ለማቃጠል የማይበቃ ሙቀት ላይ ነው የሚኖረው፤ መካከሏ ናት የጎዳችው። ከሚኤሶ እስከ ጭሮ ያለው ሽቅብታ ከ400 ሜትር ይበልጣል፤ የሚፈትነው የራዲያተሩን ውኃ እንጂ ጥቀርሻውን አይደለም። መኪናን አልፎ አልፎ በደንብ አግሎ መንዳት መልካም ነው፤ ዘይቱ ውስጥ የገባው እርጥበትና ቤንዚን ይተናል። የተጋገረው ግን ባለበት ይቆያል።

ሾፌሩ፦ ፋብሪካዎቹ ታዲያ ይህን አያውቁም? እነዚያ ሁሉ መሐንዲሶች ያላዩትን እኛ ሚኤሶ ቁጭ ብለን አየን ማለት ከበድ ይላል።

መካኒኩ፦ አይተውታል እንጂ! መልሱንም በብረት ነው የሰጡት። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ አንድ የሌክሰስ ሞተር ላይ ዲ-4ኤስ ያለውን ዘዴ አመጣ፤ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው ኖዝል እንዳለ ሆኖ ማኒፎልዱ ላይ ሁለተኛ ኖዝል ጨመረ። ፎርድም ኋላ በ3.5 ሊትር ኢኮቡስት ሞተሩ ይህንኑ አደረገ። ለሁለተኛው ኖዝል ሌሎች ምክንያቶችም አሉ፤ በዝቅተኛ ፍጥነት ቤንዚኑ በደንብ ይደባለቃል፣ ጥላሸት ይቀንሳል። ቤንዚኑ እንደገና የቫልቩን ጀርባ ማጠብ መጀመሩ ግን ከጥቅሞቹ አንዱ ነው። እስቲ አስበው፤ ታንክ ውስጥ የሚጨመር አንድ ጠርሙስ ፈሳሽ ሥራውን ቢሠራ ኖሮ አራት ወይም ስድስት ተጨማሪ ኖዝል፣ ከነቱቦውና ከነሽቦው ማን ይገጥም ነበር? የእኔ ክርክር ከዚህ የተሻለ ምስክር የለውም። የአንተ መኪና ሁለቱም ኖዝሎች ካሉት እዚህ ላይ እናቁም፣ ችግሩን ሌላ ቦታ እንፈልግ።

ሾፌሩ፦ የለውም፣ አንዱ ብቻ ነው። እንግዲህ ከታንኩ ልውጣ። ሞተሩ እየሠራ በአየር ማስገቢያው በኩል የሚረጭ ማጽጃ አለ፤ እሱ ቫልቩን ያገኘዋል። ከሱቅ ይገዛል፣ ምንም ብሎን አይፈታም።

መካኒኩ፦ ይኸኛው ደኅና ሙግት ነው፤ ቢያንስ ፈሳሹ ከቦታው ይደርሳል። ጥቀርሻው ገና ስስ፣ ገና ለስላሳ ከሆነ የሚያለሰልሰው ነገር አለ፤ መኪናው አዲስ ሳለ ጀምሮ በየሰርቪሱ የሚያደርገውን ሰው አልቃወምም። የወፈረውንና የጠነከረውን ግን ለቅጽበት የነካ ብናኝ አያነሣውም። ሰው የሚታለለው በጭሱ ነው። ሲረጩት ከማርሚታው ጭስ ይንቦለቦላል፣ «አየህ ቆሻሻው ሲወጣ» ይባላል። አብዛኛው ራሱ ማጽጃው ሲቃጠል የሚወጣ ጭስ ነው፤ ንጹሕ ሞተር ላይ ብትረጨውም ይጨሳል። ማስረጃ የሚሆነው ከመርጨቱ በፊትና በኋላ ቫልቩን በካሜራ ማየት ነው። አደጋም አለው። ተርቦ ያለው መኪና ከሆነ በትክክለኛው ቦታ ካልተረጨ ፈሳሹ በተርቦው ውስጥ ያልፋል፤ ተርቦ ባላቸው ሞተሮቻቸው እንዳይደረግ የሚያስጠነቅቁ አምራቾችም አሉ። ብዙ ፈሳሽ ባንዴ የሚያንቆረቁር ሰው ደግሞ ቢየላ ያጣምማል፤ አየር ይጨመቃል፣ ፈሳሽ አይጨመቅም።

ሾፌሩ፦ አቦ፣ ጋሼ! ሁሉንም በር ዘጉብኝ። የቀረው ፈረንጆቹ የሚያደርጉት ነው፤ የዋልነት ቅርፊት ፈጭተው በአየር ግፊት ይነፉበታል። ዋልነት ደግሞ ሚኤሶ ገበያ የለም።

መካኒኩ፦ ዋልነቱ አይደለም ቁም ነገሩ። የዋልነት ቅርፊት የተመረጠው ካርቦኑን ለመንቀል የሚበቃ፣ የቫልቩን ብረትና የቴስታታውን አሉሚኒየም ለመቧጨር የማይበቃ ጥንካሬ ስላለው ነው። ተፈጭቶ የደረቀ የበቆሎ ቆረቆንዳም በውጭ አገር ለእንዲህ ያለ ለስላሳ ማጽዳት ይሸጣል፤ ሐረርጌ ውስጥ ቆረቆንዳ ተቸግሮ የሚያውቅ የለም። እኩል ሆኖ መፈጨት፣ መድረቅ፣ መበጠር አለበት፤ ያንን የሚያደርግ መሣሪያ ከሌለ ግን ይቅር። ኮምፕረሰር ጎሚስታው ጋ አለ ብሎ አሸዋ የሚነፋ ሰው ከመጣ ቁልፍህን ይዘህ ሂድ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ሲሊንደር ውስጥ ብትቀር ግድግዳውን ትፍቀዋለች፤ ሞተር ማውረድ የሚመጣው ያኔ ነው።

መንፊያ ለሌለው ጋራዥ በእጅ የሚሠራው ዘዴ አለ። ቀርፋፋ ነው፣ ግን ያስተማምናል። ሞተሩ ይቀዘቅዛል፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀላል። ማኒፎልዱን ለማውጣት የቤንዚን ቱቦ መንካት ግድ ከሆነ መጀመሪያ ግፊቱ ይለቀቃል፤ በዚያ ሁሉ ባር የተጠመደ ቱቦ እንደ ካርቡራቶር ቱቦ አይፈታም። ማኒፎልዱ ሲወጣ ቀዳዳዎቹ ፊት ለፊት ይታያሉ፤ ባለ አራት ሲሊንደር ከሆነ በአብዛኛው ስምንት የመግቢያ ቫልቭ ነው። የማይሠራባቸው ቀዳዳዎች በንጹሕ ጨርቅ ይደፈናሉ፣ ጨርቁ ተቆጥሮ ይገባል፣ ተቆጥሮ ይወጣል። ከዚያ የፑሌጃውን ብሎን በቁልፍ፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ፣ ቀስ እያሉ ማዞር ነው፤ የተመረጠው ሲሊንደር ሁለቱም የመግቢያ ቫልቮች እስኪዘጉ። መዘጋታቸውን የሚያሳየው ማጽጃው ራሱ ነው። ጥቂት አፍስሰህ በእጅ ባትሪ እያበራህ ተመልከት፤ ልኩ ካልጎደለ ተዘግቷል፣ ከጎደለ ወደ ሲሊንደሩ እየወረደ ነውና አቁም። ማጽጃው ለሰዓታት ይቀመጣል። ከዚያ በናይሎን ብሩሽና በፕላስቲክ ወይም በእንጨት መፋቂያ መፈተግ፣ የተነሣውን በሚስብ ማሽን ማውጣት፣ በጨርቅ መጥረግ፣ እንደገና ማፍሰስ። የሽቦ ብሩሽ በድሪል ላይ አይታሰብም፤ የተሰበረች ሽቦ ሲሊንደር ውስጥ የምታደርገውን ማንም አያስተካክለውም። በቤንዚን መዘፍዘፍም በዚህ ሙቀት እሳት መጥራት ነው። ቫልቩ ብረት ብረት ሲል ወደሚቀጥለው። በመጨረሻ ማኒፎልዱ በአዲስ ጋስኬት ይታሰራል፣ ሞተሩ ሲነሣ ጥቂት ደቂቃ ይጨሳል፣ ከዚያ ዘይቱ ይቀየራል፤ የሾለከ ማጽጃ ዘይቱን ያቀጥነዋልና።

ሾፌሩ፦ አይቆጡኝና ይህን ልበል። አንድ ሥራ እንዲሠራ የሚመክረው ሰው የሥራውን ዋጋ የሚቀበለው ራሱ ነው። ማጽጃ ጠርሙስ ሻጩን ነጋዴ ነው እንላለን፤ መካኒኩስ? ደግሞም ማኒፎልዱ ፕላስቲክ ነው፣ በዚህ ፀሐይ የደረቀ የሽቦ ሶኬት ሲነካ ይሰበራል። ያልታመመውን ከፍቶ ማሳመም የተለመደ ነው። ስንት መኪና ጋራዥ ገብቶ በሌላ በሽታ ወጣ?

መካኒኩ፦ ለምን እቆጣለሁ? ጥርጣሬው ትክክል ነው፤ ስለዚህ ማንም በኪሎሜትር ቆጥሮ «ጊዜው ደርሷል፣ ይከፈት» ቢልህ እሺ አትበል። ተመሳሳይ ሞተር ያላቸው ሁለት መኪኖች፣ አንዱ በከተማ አጭር አጭር ርቀት የሚሄድ፣ ሌላው ረጅም መንገድ የሚመላለስ፣ በተመሳሳይ ኪሎሜትር ላይ የተለያየ ቫልቭ ነው የሚያሳዩህ። ደንቡ ማየት ነው፣ ከርካሹ ተጀምሮ። ካንዴላው ይወጣል፣ ይታያል። ቦቢናው ከሌላው ሲሊንደር ጋር ይለዋወጣል፤ ሚሱ ቦቢናውን ተከትሎ ከሄደ ቫልቩን ማን ነካው? አየር የሚሾልክበት የተሰነጠቀ ቱቦም እንዲሁ ሚኒሞ ያናጋል። ይህ ሁሉ ካለፈ ስልክ ላይ የሚሰካ ቀጭን ካሜራ አለ፤ የአየር ማስገቢያውን ብቻ ፈትቶ፣ አንዳንዴም የማኒፎልድ ዳሳሽ በወጣበት ቀዳዳ፣ ወደ ቫልቩ ማስጠጋት ይቻላል። ምስሉን ባለመኪናው በዓይኑ ይየው። ስስ ጥቁር ሽፋን ብቻ ከሆነ ይዘጋ፣ ይነዳ። የቫልቩ አንገት ጠፍቶ እንደ ከሰል ያበጠ ነገር ከታየ ያኔ ለመክፈት ምክንያት አለ። የመጀመሪያህ ምልክት ደግሞ፣ ጠዋት ተንቀጥቅጦ ሲሞቅ የሚረጋጋው፣ ከዚህ ጋር ይስማማል። በሚኒሞ ጊዜ የሚገባው አየር ጥቂት ነው፤ አንዱ ቀዳዳ ጠብቦ ሌላው ካልጠበበ ልዩነቱ የሚጎላው ያኔ ነው። ይስማማል አልኩ፣ ያረጋግጣል አላልኩም። ስለ ሶኬቱ መሰበር ያልከውን ግን አልክደውም፤ እጁ ችኩል የሆነ ሰው አይሥራው፣ ሥራው የትዕግሥት ነው።

ሾፌሩ፦ አንድ የመጨረሻ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ኤሌክትሪክ ነው የሚገባው። በዚህች ከተማ የሚያልፈው ባቡር እንኳ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ በኤሌክትሪክ ነው። ሊሞት ለተቃረበ ሞተር አዲስ ሙያ መማር ለምን ያስፈልጋል?

መካኒኩ፦ ባቡሩን ካነሣህ፣ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ አንደኛው የቻይና ድርጅት፣ ከሚኤሶ እስከ ደወሌ ሌላኛው ነው የሠራው፤ ሁለቱ ሥራዎች የተገናኙት እዚህ ነው። ባቡሩ ቫልቭ የለውም፣ እውነት ነው። ክልከላው ግን ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ድሮ መኪና ሲያረጅ ይሸጥና ዕድሜው ባነሰ፣ ከውጭ በሚገባ መኪና ይተካ ነበር። አሁን የሚተካው ቤንዚን መኪና የለም፤ ያለው እየተገላበጠ እዚሁ ያረጃል። ጂዲአይና ቲኤስአይ የሆኑትም ከአዲስ አበባ ሀብታም እጅ ወጥተው በሁለተኛና በሦስተኛ ባለቤት ወደ ክፍለ ሀገር የሚወርዱት ገና አሁን ነው። ጥቀርሻው ደግሞ የእርጅና በሽታ ነው፤ ፋሻው ሲላላ፣ የቫልቭ ጎማው ሲደርቅ ይብሳል። ወደ ኤሌክትሪክ የሚደረገው ጉዞ ረጅም ከሆነ በጉዞው መካከል ያሉትን መኪኖች በሕይወት ማቆየት የሚችለው አጠገባቸው ያለው ጋራዥ ነው። ለአንድ ቫልቭ ጽዳት መኪና ጭኖ አዲስ አበባ መላክ ከሥራው በላይ ያስወጣል።

ሾፌሩ፦ ከተጸዳ በኋላስ? ተመልሶ ይመጣላ።

መካኒኩ፦ ይመጣል፤ የሚዘገይበት መንገድ ግን አለ። ዘይቱ መኪናው የሚጠይቀው ደረጃና ውፍረት ይሁን፤ በሙቀት የሚተን ዘይት ነው ጉሙን የሚያበዛው። ለአዳዲስ ሞተሮች የወጡት የዘይት ደረጃዎች በፈተና ላይ ከ15 በመቶ በላይ መትነን የማይፈቅዱት ለዚህም ጭምር ነው። ርካሹን ገዝተህ ሙቀት ውስጥ ከጊዜው በላይ ብታስኬደው ቁጠባው ቫልቩ ላይ ይጋገራል። የዘይቱን ጉም የምትመልሰው ትንሿ ፒሲቪ ቫልቭ በጊዜዋ ትቀየር፣ ፊልትሮውም በአቧራው ልክ። የዘይት ጉም የሚያጠራቅም ጣሳ የሚገጥሙም አሉ፤ ያግዛል፣ ግን የሚያጠራቅመውን ካላፈሰስከው ዋጋ የለውም፣ በቫልቩ ዘንግ የሚወርደውንም አይከለክልም።

ሾፌሩ፦ እንግዲያው መጀመሪያ ቦቢናውን ይለዋውጡልኝ፤ ካልሆነ ካሜራው ይግባ። ከሆነም ነገ እንክፈተው?

መካኒኩ፦ ነገ አይከፈትም። ካሜራው ካሳየን የማኒፎልዱን ጋስኬት ከድሬዳዋ ወይም ከአዲስ አበባ በሞተሩ ቁጥር እናዘዋለን፤ በአሮጌው ጋስኬት ከታሰረ አየር ይስባል፣ ሚኒሞው እንደገና ይናጋል፣ አንተም ጽዳቱን ትወቅሳለህ። እሱ እጃችን እስኪገባ መኪናውን ንዳው።